የታደሰ የፊያት 124 ስፓይደር ሞተር፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ከማስነሳቴ በፊት ምክር እፈልጋለሁ

ስፓይደር71 (ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁም። እ.ኤ.አ. የ1971 ፊያት 124 ስፖርት ስፓይደር አለኝ። ሞተሩ 1608 ሲሲ ነው፣ ባለ ሁለት ካምሻፍቱ (ካምሻፍት ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ ነው)። ወርዶ ከላይ እስከ ታች ታድሷል። ሲሊንደሮቹ በ0.4 ሚሊ ሜትር ሰፍተው አዲስ ፒስተንና ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ተገዝቶላቸዋል። ኮሎው (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ) በ0.254 ሚሊ ሜትር ተሞርዶ አዲስ ብሮንዚን (ዘንጉ የሚዞርበት ተሸካሚ) ተዘጋጅቶለታል። የቫልቭ መቀመጫዎቹም ሊድ የሌለበትን ቤንዚን በሚችሉ ጠንካሮች ተተክተዋል። የዘይት ፖምፓው አዲስ ነው። የቀረኝ መግጠምና ማስነሳት ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ነው ምክር የበዛብኝ። እዚህ አገር የማውቃቸው ሰዎች በሙሉ አንድ ነገር ነው የሚሉኝ፦ ሞተሩ እንደተነሳ ወዲያው ከ2000 እስከ 2500 ዙር ላይ አድርገህ 20 ደቂቃ ያዘው፣ ሚኒሞ (ፔዳል ሳይረገጥ የሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) ላይ እንዳታወርደው። አዲስ አበባ ጋራዥ የነበረው አጎቴ ደግሞ "አዲስ ሞተር አይጮህበትም፣ ሚኒሞ ላይ ይሙቅ፣ ከዚያ 1000 ኪሎ ሜትር በቀስታ ይነዳ" ይላል። ሁለቱም ወገኖች ሞተር ያውቃሉ። ታዲያ የትኛውን ልስማ?

ሌላም ያሳሰበኝ ነገር አለ። ሲሊንደሩን ያሰፋልኝ ቤት (ስሙን አልጠራም) ብሎኩን "ታጥቧል" ብሎ ነው ያስረከበኝ። ቤት አምጥቼ ሲሊንደሩን በነጭ ጨርቅ ስጠርገው ጨርቁ ግራጫ ሆነ።

---

ሶማሌ ተራ (አዲስ አበባ)

ልጄ፣ ስለ ማስነሳቱ ገና ነው። መጀመሪያ ስለዚያ ግራጫ ጨርቅ እናውራ።

እሱ ግራጫ ነገር የድንጋይ ዱቄት ነው። ሲሊንደሩ ሲሞረድ ከድንጋዩ የረገፈ፣ ከብረት ብናኝ ጋር የተቀላቀለ። በዚያ ከገጠምከው ፋሻውን ይበላዋል፣ ቀጥሎ ዘይቱ ይዞት ወደ ብሮንዚኑ ይሄዳል። አዲስ የተሠራ ሞተር 5000 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ዘይት መብላት ሲጀምር ሰው ፋሻውን ይሰድባል፣ ፒስተን የሸጠለትን ነጋዴ ይሰድባል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የእጥበት ነው።

ቤንዚን ወይም ነጭ ጋዝ ይህን ዱቄት አያወጣውም። ቅባቱን ያጥበዋል እንጂ ዱቄቱ በሲሊንደሩ ጭረቶች ውስጥ ተደብቆ ይቀራል። የሚያወጣው ሙቅ ውሃ፣ ኦሞና ጠንካራ ብሩሽ ነው። አረፋው ነጭ ሆኖ እስኪወርድ እሸው። ከዚያ ቶሎ በአየር አድርቀውና ወዲያው ዘይት ቀባው፣ እርጥብ ብረት ስትዞር ዝጎ ነው የሚጠብቅህ። በመጨረሻ ዘይት በነካ ነጭ ጨርቅ ጥረግ። ጨርቁ ነጭ ሆኖ ካልወጣ እንደገና ከኦሞው ጀምር።

ደግሞ የዘይት መንገዶቹን አትርሳ። በብሎኩ ጫፍና ጎን ላይ የተመቱትን ቡሽ መሳይ መዝጊያዎች አውጣቸው፣ ረጅም ቀጭን ብሩሽ ከጫፍ እስከ ጫፍ አሳልፍ፣ አየር ንፋበት። የኮሎውንም ቀዳዳዎች እንደዚያው። ኮሎው ሲሞረድ ዱቄቱ የሚገባው እዚያ ነው፣ ከዚያ ደግሞ በቀጥታ ወደ ቢየላው (ፒስተኑን ከኮሎው የሚያገናኘው ክንድ) ብሮንዚን ነው የሚሄደው። መዝጊያዎቹን ሳያወጣ "አጠብኩ" የሚል ሰው አላጠበም።

---

ዴንቨር ማሽን (ኮሎራዶ)

ጋሼ ያሉትን እደግፋለሁ፣ ደግሞ ልጨምርበት። ሥራዬ ይኸው ነው፣ ሞተር ሞርዶ መለካት።

ስፓይደር፣ አዲስ ብሮንዚን ስለገዛህ ብቻ ክፍተቱ ልክ ነው ማለት አይደለም። ራስህ ለካው። ማይክሮሜትር ከሌለህ ፕላስቲጌጅ የሚባለው ቀጭን የሰም ክር ርካሽ ነው። ክሩን ኮሎው ላይ አስቀምጠህ ካፑን በሙሉ ጉልበቱ ታጠብቀዋለህ፣ ትፈታዋለህ፣ ምን ያህል እንደተዳመጠ በወረቀቱ መለኪያ ታያለህ። ክሩ እያለ ኮሎውን እንዳታዞረው። የብዙዎቻችን የእጅ ልማድ ለእያንዳንዱ 25 ሚሊ የኮሎ ውፍረት 0.025 ሚሊ ክፍተት ነው፣ ያንተ ኮሎ ላይ ወደ 0.05 አካባቢ ማለት ነው። ዳኛው ግን የፋብሪካው መጽሐፍ ነው።

ፋሻውን ደግሞ ከሳጥኑ አውጥተህ በቀጥታ ፒስተኑ ላይ አታስገባው። አንድ በአንድ ሲሊንደሩ ውስጥ ክተተው፣ ቀጥ ብሎ እንዲቀመጥ በፒስተን ጀርባ ገፋ አድርገው፣ ከዚያ የጫፎቹን ክፍተት ለካ። 80 ሚሊ ለሚሆን ሲሊንደር የላይኛው ፋሻ ቢያንስ 0.30 ሚሊ ይፈልጋል። ከዚያ ከጠበበ ሞተሩ ሲሞቅ ጫፎቹ ይገናኙና ፋሻው መሄጃ ያጣል። ወይ ይሰበራል፣ ወይ ሲሊንደሩን ይቧጭረዋል። ትንሽ ከሰፋ ምንም አይደለም፣ ከጠበበ ግን ሞተር ያበላሻል።

ብሎን ስታጠብቅ ጥርሱ ንጹሕ ይሁን፣ መጽሐፉ ዘይት ቀባ ካለ ቀባ። ደረቅና የዛገ ብሎን መፍቻው ላይ ትክክለኛ ቁጥር ያሳይሃል፣ ጉልበቱ ግን መያዝ ላይ ሳይሆን መፋተግ ላይ አልቋል።

---

ቶሪኖ (ጣሊያን)

ይህ ሞተር የከተማዬ ሞተር ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም። የነደፈው አውሬሊዮ ላምፕሬዲ ነው፣ ከዚያ በፊት ፌራሪ ቤት የነበረው። የእሽቅድድም ነጂው አስካሪ በ1952 እና በ1953 የዓለም ሻምፒዮን የሆነበትን ባለ አራት ሲሊንደር የሠራው ሰው ማለት ነው። ፊያት መጥቶ የተራውን 124 ባለ ዘንግ ሞተር ብሎክ ወሰደ፣ ባለ ሁለት ካምሻፍት የአሉሚኒየም ቴስታታ (የሞተሩን ራስ) አስቀመጠበት፣ ካምሻፍቶቹንም በሰንሰለት ፋንታ በጎማ ቺንጋ (ቀበቶ) እንዲዞሩ አደረገ። ያ በ1966 ነበር። ፊያት 131 አባርት የዓለም ራሊን በ1977፣ በ1978 እና በ1980 ያሸነፈው በዚሁ ቤተሰብ ሞተር ነው። ላንቺያ ዴልታ ኢንቴግራሌም እንደዚያው። ስለዚህ ስፓይደር ወንድሜ፣ የያዝከው ቀላል ነገር አይደለም፣ እንዲህ መጨነቅህ ደስ ብሎኛል።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ቺንጋው ሦስት ነገር ነው የሚያዞረው፦ ሁለቱን ካምሻፍቶችና ከታች ያለውን ረዳት ዘንግ። ረዳት ዘንጉ የዘይት ፖምፓውን፣ ዲስትሪቢዩተሩን (እሳቱን ለየካንዴላው የሚያከፋፍለውን) እና የቤንዚን ፖምፓውን ያንቀሳቅሳል። ብዙ ሰው ካምሻፍቶቹን በጥንቃቄ በምልክታቸው ያስቀምጥና ረዳት ዘንጉን "ፖምፓ ብቻ ነው" ብሎ እንደመጣ ይተወዋል። አይሆንም። በዘንጉ ላይ ያለው የቤንዚን ፖምፓ ጉብታ አቀማመጡ ከተሳሳተ ቢየላ ሊመታው ይችላል። እሱም ምልክት አለው፣ በምልክቱ አስቀምጠው።

ቺንጋውን ከወጠርክ በኋላ ሞተሩን በእጅ፣ በኮሎው ዳዶ፣ በሚሠራበት አቅጣጫ ብቻ ሁለት ሙሉ ዙር አዙረው። ካንዴላዎቹ ይውጡ። የሆነ ቦታ ጠንከር ያለ ነገር ከተሰማህ አቁም፣ በጉልበት እንዳታልፈው። ቫልቭና ፒስተን ወይም ቢየላና ጉብታ ተገናኝተው ሊሆን ይችላል። በእጅ ሲነካካ ምንም አይሆንም፣ በሞተሪኖ (በማስነሻው) ከሆነ ግን ይጣመማል።

---

ስፓይደር71

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ መዝጊያዎቹን አወጣኋቸው። ከአንደኛው የዘይት መንገድ የወጣውን ቆሻሻ ብታዩት ታዝኑ ነበር፣ ጥቁር ጭቃና የሚያብረቀርቅ ብናኝ። ከእንግዲህ ለማንም "ታጥቧል" የሚለውን ቃል አላምንም። አሁን ብሎኩ ነጭ ጨርቅ ላይ ምንም አይተውም።

ክፍተቶቹን ለክቻለሁ፣ ልክ ናቸው። አሁን ጥያቄዬ ስለ ዘይት ግፊት ነው። ሞተሩ ሳይነሳ በፊት ዘይቱ ሁሉም ቦታ እንዲደርስ እንዴት ላድርግ? ሞተሪኖውን ዝም ብሎ ማዞር ይበቃል?

---

ቶሪኖ

ይበቃል፣ ግን በአግባቡ ከሆነ ነው። ያንተ ሞተር ዲስትሪቢዩተሩ ብሎኩ ላይ ስለሆነ የተሻለ መንገድም አለህ።

ዲስትሪቢዩተሩን አውጣው፣ ከሥሩ ያለውን ጥርስ አንስተው። ከታች የዘይት ፖምፓው ዘንግ ይታይሃል። ለዘንጉ ጫፍ የሚሆን አሮጌ ዘንግ ወይም ቶርኖ ቤት ያስቀረጽከው ዘንግ በድሪል ይዘህ ፖምፓውን ብቻውን ታዞረዋለህ። በየት አቅጣጫ እንደሚዞር ጥርሱን ከማንሳትህ በፊት ሞተሩን በእጅ እያዞርክ ተመልከት። መጀመሪያ ድሪሉ ቀልሎ ይዞራል፣ ከዚያ በድንገት ይከብድብሃል። ያ ክብደት ዘይቱ መድረሱ ነው። አታቁም። አንድ ሰው ኮሎውን በእጅ ቀስ እያለ እንዲያዞርልህ አድርግ፣ ቀዳዳዎቹ በየተራ እንዲገናኙና ዘይቱ ቢየላዎቹ ጋ ሁሉ እንዲደርስ። ካምሻፍቶቹ ጋ ዘይት ሲወጣ በዓይንህ እስክታይ ቀጥል።

ፖምፓው ዘይት አልስብ ካለህ ደርቆ ነው። ከመግጠምህ በፊት ውስጡን በዘይት ሙላው።

---

ዴንቨር ማሽን

በሞተሪኖ የሚያደርግ ሰው ካለ ደግሞ፦ ካንዴላዎቹን በሙሉ አውጡ፣ እሳቱን አጥፉ፣ ቤንዚኑን ዝጉ። ካንዴላ ከሌለ መታመቅ የለም፣ ብሮንዚኑ ላይ ጫና የለም፣ ሞተሩም ፈጥኖ ይዞራል። ሞተሪኖው እንዳይቃጠል በአጭር በአጭሩ አዙሩ፣ በመሃል አሳርፉት። ዳሽቦርድ ላይ ባለው መብራት አትመኑ፣ እሱ ትንሽ ግፊት ሲያገኝ ይጠፋል። ቁጥር የሚያሳይ ሜካኒካል መለኪያ በመብራቱ ሴንሰር ቦታ ግጠሙ።

መርፌው ሳይነሳ ካንዴላ አይገባም። ቀን ቢፈጅም ይፍጅ።

---

ሻርጃ124 (ኤምሬትስ)

ይቅርታ በመሃል ልግባ። እኔም ያው 124 ስፓይደር ነው ያለኝ፣ 1756 ሲሲ። እዚህ ያለ ጋራዥ አድሶ ገጠመልኝ፣ ምልክቶቹ ሁሉ ትክክል ናቸው ይላሉ። ሲነሳ ግን በካርቡሬተሩ በኩል ያስነጥሳል፣ አንዳንዴ ማርሚታው ውስጥ ይፈነዳል፣ አይዝም። ካርቡሬተር ይቀየር ብለውኛል፣ ዋጋው ቀላል አይደለም። ምን ትላላችሁ?

---

ቶሪኖ

ካርቡሬተር እንዳትገዛ። መጀመሪያ አንድ ነገር አረጋግጥ።

በሌሎች መኪኖች ላይ ምልክቶቹ ሲገጥሙ 1ኛው ሲሊንደር ነው ላይ የሚሆነውና የሚተኩሰው። እዚህ ሞተር ላይ ግን የካምሻፍቶቹ ምልክቶች ሲገጥሙ ተኳሹ 4ኛው ሲሊንደር ነው። 1ኛውም ፒስተን በዚያን ጊዜ ላይ ነው ያለው፣ ግን ቫልቮቹ የሚቀያየሩበት ሰዓት ላይ ነው። ፊያትን የማያውቅ መካኒክ እንደለመደው የዲስትሪቢዩተሩን ጣት ወደ 1ኛው ገመድ ያዞረዋል። ያኔ እሳቱ በሙሉ አንድ ዙር ሙሉ ተሳስቶ፣ ቫልቭ ክፍት ሳለ ይመጣል። ማስነጠሱም ፍንዳታውም ከዚያ ነው።

ምልክቶቹን አስገጥም፣ የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ክፈት፣ ጣቱ የየትኛውን ገመድ አቅጣጫ እንደሚያይ ተመልከት። 4ኛውን ካላየ ምክንያቱን አገኘህ። የመተኮሻ ተራው 1-3-4-2 ነው፣ ገመዶቹን በዚያ ተራ ቁጠር።

ስፓይደር፣ አንተም ዲስትሪቢዩተሩን አውጥተህ ስለምትመልሰው ይህን ያዝ።

---

ሻርጃ124

ጣቱ ወደ 1ኛው ነበር። ገመዶቹን ዛሬ አስተካከልናቸውና ቁልፉን ገና ሳዞረው ተነሳ። ካርቡሬተሩ ምንም አልነበረውም። ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ።

---

ስፓይደር71

እኔም ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። እንግዲህ ወደ ዋናው ጥያቄ ልመለስ፦ 20 ደቂቃ ነው ወይስ ሚኒሞ?

---

ዴንቨር ማሽን

የ20 ደቂቃው ሕግ ከየት እንደመጣ ካየን መልሱ ቀላል ነው።

ሕጉ የመጣው ካምሻፍታቸው ብሎኩ ውስጥ ከሆነ፣ ቫልቩን በረጅም ዘንግ ከሚገፉ ሞተሮች ነው። የድሮዎቹ አሜሪካ ሠራሽ ቪ8፣ እንግሊዞቹ ኤምጂቢና ትራያምፍ ሁሉ እንደዚያ ናቸው። እዚያ ካምሻፍቱን የሚነካው ገፊ ጠፍጣፋ ይመስላል እንጂ መሃሉ በጥቂቱ ያበጠ ነው፣ ጉብታውም ትንሽ ዘመም ያለ ነው። ገፊው በእያንዳንዱ ምት እየተሽከረከረ እንዲሄድ ነው እንዲህ የሆነው። መጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ላይ ሁለቱ ካልተላመዱ፣ ገፊው መዞሩን ካቆመ፣ ጉብታው በአንድ ቀን ተላጦ ያልቃል። ደግሞ እነዚህ ካምሻፍቶች ዋናውን ዘይታቸውን የሚያገኙት ኮሎው ሲዞር ከሚረጨው ነው። ሚኒሞ ላይ ኮሎው ብዙ አይረጭም። የቫልቭ ስፕሪንጉ ጫና በጉብታው ጫፍ ላይ የሚበረታውም በዝቅተኛ ዙር ነው። ስለዚህ ኤምጂቢ ያለው ሰው 2000 ዙር እና 20 ደቂቃ ይጠብቅ፣ ምንም ድርድር የለውም።

ያንተ ሞተር ካምሻፍቶቹ ላይ ናቸው፣ የራሳቸው ሳጥን ውስጥ፣ ዘይት በሚጠራቀምበት ቦታ። ክዳኑን ከመዝጋትህ በፊት ዘይት አፍስስባቸው፣ ገና ከመጀመሪያው ዙር ዘይት ውስጥ ነው የሚዞሩት። የሚገፋው ክብደትም ያንሳል፣ ረጅም ዘንግ የለም። ስለዚህ ካምሻፍቱ እንዳይሞት ብለህ 20 ደቂቃ መጮህ የለብህም።

ግን አጎትህም ትክክል አይመስለኝም። ሚኒሞ ላይ ብዙ ማቆየት ፋሻውን ይጎዳዋል። ፋሻ ሲሊንደሩን የሚይዘው በራሱ ጉልበት ብቻ አይደለም፣ የቃጠሎው ግፊት ከኋላው ገብቶ ወደ ግድግዳው ይገፋዋል። ሞተሩ ሥራ ከሌለው ግፊቱ የለም። የሞረድንለት ጭረት ቀስ እያለ በተቃጠለ ዘይት ይሸፈንና እንደ መስታወት ይለሰልሳል። ከዚያ በኋላ ፋሻው መቼም አይገጥምም፣ ዘይት ይበላል፣ መፍትሔው መፍታት ብቻ ነው። ተነሳ፣ 1500 እስከ 2000 መካከል ከፍ ዝቅ እያደረግክ አሙቀው፣ ፍሳሽ እይ፣ ካልፈሰሰ በዚያኑ ቀን መንገድ ላይ አውጣው።

---

ሶማሌ ተራ

እህቴ ያስረዳሽው ጥሩ ነው፣ ስለ ፋሻውም እስማማለሁ። ግን "ካምሻፍቱ ላይ ከሆነ አያሰጋም" ተብሎ እንዳይወሰድ ፈራሁ።

እኛ የላዳ ሰዎች ነን። ላዳ የፊያት 124 ልጅ ነው፣ በ1970 ቶሊያቲ ከተማ መሠራት ሲጀምር አካሉ ከፊያት ነበር፣ ሞተሩ ግን ካምሻፍቱ ቴስታታው ላይ የሆነ ሌላ ሞተር ነው። እዚህ አዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ታክሲ ሆኖ ስንት ዓመት አገልግሏል። ካምሻፍቱ ላይ ሆኖም ይበላል። የተበላ የላዳ ካምሻፍት በእጄ ያለፈውን አልቆጥረውም። ምክንያቱ ወይ ዘይት ዘግይቶ ይደርሳል፣ ወይ የዘይት መንገዱ ተዘግቷል፣ ወይ ዘይቱ ቀጭን ነው። ስለዚህ ስፓይደር፣ ላይ ስለሆነ አትመን፣ ዘይት ሲደርስ በዓይንህ ካየህ በኋላ እመን።

ሌላ ደግሞ፣ ይህን እዚህ አገር ያላችሁ ያዙልኝ። ላዳ የለመደ መካኒክ የቫልቭ ክፍተት ሲባል እጁ በራሱ 0.15 ይይዛል። የላዳ ልክ ነው። የዚህ የስፓይደር ሞተር ግን ማስገቢያው 0.45፣ ማስወጫው 0.50 ነው፣ በቀዝቃዛው። 0.15 ካደረጋችሁት ሞተሩ ሲሞቅ ቫልቩ ሳይዘጋ ይቀራል፣ ይቃጠላል። ዘመድ መኪና ነው ብሎ ልኩን መውሰድ አይቻልም።

---

ቢትል ቂርቆስ (አዲስ አበባ)

ጋሼ፣ እርስዎ ካሉ አንድ ጥያቄ አለኝ። የኔ ስፖርት መኪና ሳይሆን ቮልስዋገን ቢትል ነው፣ ግን አሁን ታድሶ ነው የወጣው። መታመቁ ሲለካ መጽሐፉ ከሚለው በጣም ያነሰ ሆነ። አራቱም ሲሊንደሮች ግን ተቀራራቢ ናቸው። ሠሪው "ፋሻው ገና አልገጠመም" ይላል፣ ሌላ ሰው "ተበልተሃል፣ አሮጌ ፋሻ ነው ያስገባልህ" ይላል።

---

ሶማሌ ተራ

ይህንን ዴንቨር ትመልስልህ፣ እሷም ተራራ ላይ ናት።

---

ዴንቨር ማሽን

እሺ ጋሼ። ቢትል፣ መጽሐፉ የተጻፈው በባሕር ጠለል ላይ ለሚለካ ሰው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ወደ 2350 ሜትር ከፍ ትላለች። እዚያ ያለው የአየር ግፊት ታች ካለው ወደ ሩብ ገደማ ያነሰ ነው። ሞተሩ የሚያምቀው የሚያገኘውን አየር ስለሆነ መለኪያውም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ባሕር ጠለል ላይ 12 ባር የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር አዲስ አበባ 9 ገደማ ቢያሳይ ምንም አልሆነም። እዚህ ዴንቨር፣ 1600 ሜትር ላይ፣ ያው ሞተር 10 አካባቢ ነው የሚያሳየው።

ስትለካ ሞተሩ ሞቅ ያለ፣ ካንዴላዎቹ በሙሉ የወጡ፣ የነዳጅ ፔዳሉ እስከ ታች የተረገጠ ይሁን። ያንተ አራቱም ተቀራርበዋል ብለሃል። ትልቁና ትንሹ ከ10 በመቶ በላይ ካልተራራቁ በዚህ ቁጥር ብቻ ሰውየውን ሌባ አትበለው። ትንሽ ነድተህ እንደገና ለካ፣ ፋሻው ሲገጥም ከፍ ይላል።

ካርቡሬተርም ያው ነው። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛል። ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ከያዘ የዋናውን ጂግለር (ቤንዚኑ የሚያልፍበትን መለኪያ) ቀዳዳ አነስ ማድረግ ነው። ለአዲስ ሞተር ይህ ቀላል ነገር አይደለም፣ የበዛ ቤንዚን ከሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ዘይቱን ያጥበዋል።

---

ቢትል ቂርቆስ

እፎይ። ሰውየውን ልጣላው ተነስቼ ነበር። አመሰግናለሁ እህቴ።

---

ስፓይደር71

ተነሳ!!!

በዝርዝር ልጻፈው፣ ነገ ሌላ ሰው ይፈልገዋል።

ሞተሩ መኪናው ላይ ከገባ በኋላ ፖምፓውን በድሪል አዞርኩት። ቶሪኖ እንዳለው መጀመሪያ ቀለል ብሎ ዞረ፣ ከዚያ እጄ እስኪጠመዘዝ ከበደ። ሚስቴ ኮሎውን በመፍቻ ቀስ እያለች ታዞር ነበር። በሁለቱም ካምሻፍቶች ላይ ዘይቱ ሲወጣ አየነው። መለኪያው 4 ባር አለፈ። ዲስትሪቢዩተሩን መለስኩት፣ ጣቱ ወደ 4። መነሻ እሳቱን ሳይነሳ በመብራት አስተካከልኩት፣ ካርቡሬተሩንም በእጅ ቤንዚን ሞላሁት፣ ብዙ ሞተሪኖ ሳላዞር ወዲያው እንዲነሳ።

የቤንዚን ጎማዎቹን በሙሉ ቀይሬያለሁ። እዚህ አሜሪካ ቤንዚኑ 10 በመቶ ኢታኖል አለው፣ የድሮውን ጎማ ይበላዋል። እሳት ማጥፊያ አጠገቤ ነበር። ሚስቴ ቁልፉ ጋ ሆና ዓይኗ የዘይቱ መለኪያ ላይ ብቻ ነበር፣ መርፌው ከወረደ ሳትጠይቀኝ እንድታጠፋ ተስማምተን ነበር። ይህን ሁላችሁም አድርጉት፣ ሞተሩ ላይ የተደፋ ሰው መለኪያ አያይም።

ቁልፉ እንደዞረ ያዘ። ከ1500 እስከ 2000 እየለዋወጥኩ አሞቅሁት። ትንሽ ጭስ ነበረው፣ የመግጠሚያው ቅባት ሲቃጠል ጠራ። ሙቀቱ ሲወጣ ራዲያተሩ ላይኛው ጎማ አልሞቅ አለኝ። አጥፍቼ አፍንጫውን በጃክ ከፍ አደረግኩት፣ የካቢን ማሞቂያውን ከፈትኩ፣ አየሩ ተንፈሰ፣ ከዚያ በኋላ ደህና ሆነ። የማስወጫው ካምሻፍት ክዳን ጥግ ላይ ዘይት ትንሽ ያልባል፣ ሌላ ፍሳሽ የለም። ሞቆ 3000 ዙር ላይ የዘይት ግፊቱ 4.5 ባር ነው፣ ሚኒሞ ላይ ከ1 በላይ።

ድምፁን ልነግራችሁ አልችልም። ይህ መኪና ስገዛው በትራክተር ተጎትቶ የመጣ ነው።

አሁን መንገዱን እንዴት ልንዳው? ዘይቱንስ መቼ ልቀይር?

---

ቶሪኖ

እንኳን ደስ ያለህ! 4.5 ቆንጆ ነው። ፋብሪካው በሙቀት ከ3.5 እስከ 5 ባር ነው የሚጠብቀው። ለክዳኑ ጓርኒሲዮን ደግሞ ዳዶውን አትጨክንበት፣ ክዳኑ ይጣመምና ይብስበታል። ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስቀምጠህ ቀጥ ማለቱን እይ።

---

ዴንቨር ማሽን

እልል! ለሚስትህም ንገራት።

ዘይቱን አሁኑኑ አፍስሰው፣ ፊልትሮውንም ቀይር። የመጀመሪያው ዘይት የመግጠሚያውን ቅባትና የተላጠውን ብናኝ በሙሉ ይዟል። ፊልትሮውን ቀደህ ወረቀቱን ዘርጋው። ደቃቅ ግራጫ ነገር የሚጠበቅ ነው። በጥፍር የሚያዝ የብረት ቅርፊት ወይም የነሐስ ቀለም ያለው ብልጭልጭ ካየህ ግን አትንዳው፣ እዚህ ጻፍልን።

የምትሞላው ተራ ሚኒራል 20 ደብልዩ 50 ይሁን፣ ሙሉ ሲንተቲክ ለጊዜው ይቆይ፣ ፋሻው መፋተግ ይፈልጋል። ለድሮ መኪና ተብሎ ዚንኩ (ከፎስፈረስ ጋር የሚገባው፣ ካምሻፍትን ከመበላት የሚጠብቀው ቅመም) ያልተቀነሰ ቢሆን ይመረጣል። የዘመኑ ቀጭን የቤንዚን ሞተር ዘይቶች የጭስ ማጣሪያውን ለመጠበቅ ተብሎ ፎስፈረሳቸው ከ0.08 በመቶ እንዳይበልጥ ተገድቧል፣ ካምሻፍትህ የተሠራው ከዚያ በፊት ነው።

መንገድ ላይ ሦስተኛ ማርሽ ይዘህ ከ50 እስከ 80 ኪሎ ሜትር ጠንከር አድርገህ ስጠው፣ ከዚያ እግርህን አንስተህ በማርሹ ብቻ እስኪወርድ ተወው። እንደገና ድገመው። ሲጨምር ፋሻው ይገፋል፣ ሲለቅ ዘይት ወደ ላይ ተስቦ ያጥበዋል፣ ያቀዘቅዘዋል። አውራ ጎዳና ላይ አንድ ዓይነት ፍጥነት ይዘህ ረጅም መንገድ አትሂድ፣ ከ4000 ዙርም አትለፍ ለጊዜው። 500 ኪሎ ሜትር ላይ ዘይቱን እንደገና ቀይር።

---

ሶማሌ ተራ

ልጄ፣ እንኳን ለዚህ አበቃህ። የአጎትህንም ቅር አታሰኘው። "ቀስ" ሲል አትጨክንበት ማለቱ ነው፣ ያን ጊዜ የነበረው ዘይትና ፋሻ ሌላ ነበር።

የቴስታታው ብሎኖች እንደገና ይጠበቁ ወይስ አይጠበቁ የሚለውን የጓርኒሲዮኑ አምራች ወረቀት ላይ አንብብ። አንዳንዱ ይፈልጋል፣ አንዳንዱ ከተነካ ይበላሻል። ወረቀቱን ጥለኸው ከሆነ ሻጩን ጠይቀው።

1000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ የቫልቩን ክፍተት ለካ። በችኮላ አይደለም፣ ሞተሩ አንድ ሌሊት ሙሉ ቀዝቅዞ ይደር። አዲስ መቀመጫ የገባለት ቫልቭ ወደ ውስጥ ይሰምጣልና ክፍተቱ ይጠባል። 0.45 ያደረግከው 0.38 ሆኖ ብታገኘው አትደንግጥ። እዚህ ሞተር ላይ እንደ ላዳ በብሎን አይስተካከልም፣ ከገፊው ላይ ያለችው ክብ ሳንቲም መሳይ ብረት ነች የምትቀየረው። ውፍረቷ ፊቷ ላይ ተጽፏል። ስትመልሳት የተጻፈበት ወደ ታች ይሁን፣ ካምሻፍቱ እንዳያጠፋው። የስምንቱንም ቁጥር ደብተር ላይ ጻፍ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሳትፈታ ስንት ቁጥር እንደምታዝ ታውቃለህ።

---

ስፓይደር71

ደብተሩን ጀምሬያለሁ ጋሼ። ዘይቱ ፈስሷል፣ ፊልትሮውን ቀድጄ አየሁት፣ ደቃቅ ግራጫ ብቻ ነው። ቅዳሜ ጠዋት መንገድ እወጣለሁ፣ 1000 ሲሞላ የስምንቱን ቁጥር እዚሁ እለጥፋለሁ።